የሰማያዊው በር ተከራይ

ገበያው ውስጥ "ስንትገባ" ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት ባሏ፣ ደመወዝ ከፋዩና ጥቂት ዘመዶቿ ናቸው። ሥራዋ ዋጋ መጠየቅ ነው። ወር በገባ ቁጥር ከመሥሪያ ቤቷ የተሰጣትን ታብሌት በቦርሳዋ ይዛ፣ ከሳሙና ሻጩ እስከ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከእንቁላል እስከ ሚስማር፣ "ዛሬ ስንት ገባ?" እያለች ትዞራለች። ጠይቃ አትገዛም፣ ውድ ነው ብላም አትከራከርም። የነገሯትን መዝግባ፣ "ይቅናችሁ" ብላ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እሷና መሰሎቿ ከየከተማው የሚልኩት ዋጋ ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቶ ይመዘናል፣ ይደመራል፣ ይካፈላል፤ በመጨረሻም በዜና "ኑሮ በዚህን ያህል ተወደደ" ይባላል። ያን ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ ወደ ሬዲዮኑ እየጠቆመ፣ "ዝም በሉ፣ ሚስቴ እየተናገረች ነው" ይላል።

ጠይቆ የማይገዛ ሰው ገበያ ላይ አይወደድም። ሽንኩርት ሻጯማ ፊት ለፊት ነው የምትነግራት። "እግርሽ ከባድ ነው። አንቺ በጠየቅሽ ማግስት ሁሉ ነገር ይጨምራል።"

"ዶሮ ስለጮኸ ነው እንዴ የሚነጋው?" ትላታለች ስንትገባ። ሽንኩርት ሻጯ ግን ዶሮውንም ቢሆን አታምነውም።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት የሥራ ፈት ሥራ ይመስላል። ሕጉ አንድ ነው፦ ያው ዕቃ፣ ከያው ሱቅ፣ በያው መጠን። ባለፈው ወር የጠየቀችው ባለ አረንጓዴ መጠቅለያውን ሳሙና ከሆነ፣ በዚህም ወር የምትጠይቀው እሱኑ ነው፤ "ከእሱ የሚሻል መጥቶልሻል" ቢሏት አትሰማም። ፋብሪካው ዋጋውን ሳይነካ ሳሙናውን በዘዴ ያቀጠነው እንደሆነም ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ትመዝነዋለች። ከልምድ ብዛት ዐይኗ "ይህ ያኛው ራሱ ነው ወይስ የሚመስለው?" ከማለት አርፎ አያውቅም። ባሏ አዲስ ካልሲ ያደረገ ቀን ገና ከበር ሳይገባ ነው የምትይዘው።

ሰው ግን እንደ ሳሙና ያው ሆኖ አይጠብቅም። ሚስማር ሻጩ ከሞተ ቆይቷል፤ ቦታውን ስልክ ጠጋኝ ይዞታል። ስንትገባ እዚያ ስትደርስ ግን እግሯ ሳታዘው ይዘገያል፣ ጆሮዋም "የትኛውን ልንገርሽ፣ አጭሩን ነው ረጅሙን?" የሚል የጎረነነ ድምፅ ይጠብቃል። የፈረሰው ዳቦ ቤት፣ ዐይኗ ጠፍቶ ቤት የዋለችው ልብስ ሰፊ፣ አንድ ቀን ቆልፎ ሄዶ ያልተመለሰው ሰዓት አዳሽ፣ ሁሉም በየቦታቸው ቆመው ዋጋ ይነግሯታል። ለሌላው ባዶ የሆነው መንገድ ለእሷ የሌሉት የቆሙበት መንገድ ነው። ተኝታም "ስንት ገባ?" ትላለች። ባሏ በተጋቡ ሰሞን "ለስንት ልስጥሽ?" እያለ ይመልስላት ነበር። በኋላ ግን ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ስላስፈራው መመለሱን ተወ።

ከዕቃው ሌላ የቤት ኪራይ ትጠይቃለች። መሥሪያ ቤቱ የመረጠላት ቤቶች አሉ፤ ከእነሱም አንዷ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ በር ባለው ግቢ፣ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የግቢው ባለቤት ባልቴት ናቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ እማማ የምትላቸው። እማማ የምትመጣበትን ቀን ከእሷ በላይ ያውቁታል። ደጃፉን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በሩ ላይ ቆመው ነው የምታገኛቸው።

"ተከራዩ ያው ነው እማማ?"

"ያው ነው።"

"ክፍሏስ ያችው ናት?"

"ያችው ናት።"

"ኪራዩስ?"

"ያው፣ አራት መቶ።"

ታብሌቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እማማ ግን በዚህ አይለቋትም። "አሁን ሥራ ላይ ነው፤ በሰላም ይግባ በይልኝ" ይሏታል። "በሰላም ይግባ" ትላለች ስንትገባ። "አሜን!" ይላሉ እማማ፣ ለአንድ ተከራይ ከሚባለው አሜን ጠንከር አድርገው። ስንትገባም በሩ ገርበብ ባለበት በኩል የጓሮውን ሽቦና የተሰጣውን ባለ መስመር ሸሚዝ፣ በክፍሏም ደፍ ላይ የተቀመጠውን የወንድ ጫማ አየት አድርጋ ትሄዳለች። ደግ አከራይ፣ ንጹሕ ተከራይ፤ ከዚህ ሌላ አስባ አታውቅም። እንዲህ ሲሆን ከሰባት ዓመት በላይ አለፈ።

ነገሩን የቀሰቀሰው አዲሱ ተቆጣጣሪ ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሰው ሲያናግር ወንበር የሚስብ ዓይነት ልጅ ነው፤ በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀን ጠራትና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት።

"እትዬ፣ እነዚህ የእርስዎ ሰፈር ኪራዮች ናቸው። ሁሉም ሽቅብ ሄደዋል። ይቺ አንዷ ግን ከተመዘገበችበት ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም።"

"አከራይዋ ደግ ናቸው።"

"ደግነት እንኳ ከሰባት ዓመት በኋላ ትንሽ ይጨምራል" አለ፤ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ፈገግታውን ግን ቶሎ መለሰው። "ለመሆኑ ተከራዩን አይተውት ያውቃሉ?"

"ሸሚዙን አይቻለሁ" አለች። በእነሱ ሙያ ሳይጠይቁ ዋጋ መሙላት ከስርቆት ይከፋል፤ ከሥራም ያስባርራል። እሷ ሳትጠይቅ ሞልታ አታውቅም። ይሁን እንጂ መጠየቅ የነበረባት ተከራዩን ራሱን እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

"በዚህ ዙር እሱን ራሱን ያግኙት" አላት። "ካልሆነ እኔው አብሬዎት እሄዳለሁ።"

በዙሩ ቀን ስንትገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ለመነችና ወደ ግቢው ዘለቀች። እማማ ሊቀዱላት ሲገቡ፣ እግሯ ወደ ጓሮው ሽቦ ወሰዳት። ሸሚዙ እንደወትሮው ተሰጥቷል። እጇ ሳሙና መመዘን የለመደ እጅ ነውና ሳታስበው ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ውሃና ፀሐይ በልተውት ሳስቷል፣ መስመሮቹም ሊጠፉ ደርሰዋል። አንገቱን ገለበጠችው። ሰው የሚለብሰው ሸሚዝ መጀመሪያ የሚያልቀው ከአንገቱ ነው፤ ላብ ይበላዋል፣ ጢም ይፍቀዋል። የዚህ አንገት ግን ሱቅ እንዳለ ሸሚዝ ደህና ነበር። የእጅጌው ጫፍም ክር አልወጣውም። ዞር ብላ ደፉ ላይ ያለውን ጫማ አየችው። ተረከዙ በግራ በኩል ተበልቷል፤ ከዓመታት በፊት በበሩ ክፍተት ባየችው ልክ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም አልጨመረም። በዚህ ጫማ ማንም አይሄድም ነበር።

እማማ ብርጭቆውን ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል።

"እማማ" አለች ዞር ሳትል፣ "ይህን ሸሚዝ የሚለብሰው ማነው?"

እማማ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡና ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው የክፍሏን በር ከፈቱት። አልጋው ተነጥፏል። ሚስማር ላይ ቀበቶ ተንጠልጥሏል፣ መስኮቱ ላይ ማበጠሪያ አለ፣ ወለሉ ገና ከመወልወሉ እርጥብ ነው። ሰው ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱም አሁኑኑ የሚገባ ይመስል ነበር።

"ልጄ ነው" አሉ እማማ። "ሥራ ብሎ ወጣ፣ አልገባም። ያላንኳኳሁት በር የለም። ሆስፒታሉም፣ ፖሊሱም፣ አዋቂ ነኝ ባዩም ቤት ሄጃለሁ። በዚያ ሰሞን ከእናንተ መሥሪያ ቤት ቤት የሚመዘግብ ሰው መጣና 'ጓሮ ያለችው ክፍል ማን ይኖርባታል?' አለኝ። ልጄ ብለው፣ የት ነው ሊለኝ ነው። አፌ እምቢ አለኝ፤ ተከራይ አልኩት። 'ስንት ይከፍላል?' አለኝ። ልጄ ደመወዝ ሲቀበል እጄ ላይ የሚያስቀምጣትን ነገርኩት።"

አራት መቶ።

"ከዚያ አንቺ መጣሽ" አሉ። "ጎረቤቱ ስለ እሱ መጠየቅ ትቷል። እኔን ሲያዩ ወሬ ይለውጣሉ፤ ክፋት እንዳይመስልሽ፣ አዝነው ነው። 'ያው ነው?' ብሎ የሚጠይቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ያው ነው ባልኩ ቁጥር አንድ ወር ይከርምልኛል።"

ስንትገባ ታብሌቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እማማ አዘኑላት መሰለኝ፣ ወሬውን ወደ ሥራዋ ወሰዱላት። "እናንተስ ዘንድ፣ የምትጠይቁት ዕቃ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?"

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። የሙያ ሰው ሲጨንቀው ሙያው ውስጥ ይደበቃል፤ ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ደረቅ መሬት የረገጠች መሰላትና ማስረዳት ጀመረች። "መጀመሪያ ለጊዜው የጠፋ እንለዋለን እማማ። ባዶውን አንተወውም። በድሮው ዋጋ ይዞ መቆምም ስህተት ነው፤ ዓለም ሲሄድ እሱ ብቻ አይቆምም። መሰሎቹን እናያለን። መሰሎቹ የሄዱትን ያህል ሄዷል ብለን እንሞላዋለን። የጠፋም ቢሆን ከመሰሎቹ ጋር ይሄዳል።"

"ከመሰሎቹ ጋር ይሄዳል" አሉ እማማ ቀስ ብለው። "ጎሽ። አብሮ አደጎቹ አግብተዋል እኮ። የአናጢው ልጅ ወልዷል፣ ታውቂያለሽ?"

ስንትገባ አላወቀችም፤ አልጠረጠረችምም። ያን ቀን እንደወትሮው "ያው፣ ያው፣ ያው" ብላ ሞላች፤ ለተቆጣጣሪው ደግሞ "ተከራዩ ሥራ ላይ ነበር" አለችው። ዝም አይነቅዝም ብላ ራሷን አጽናናች። በሥራ ዘመኗ አውቃ የዋሸችው የመጀመሪያ ውሸት ነበር።

በሚቀጥለው ዙር እማማ በሩ ላይ አልነበሩም። በሩ ግን ተከፍቶላታል። ከጓሮ ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል።

"ተከራዩ ያው ነው እማማ?"

"ያው ነው። ግን በዝተዋል።"

ስንትገባ ወደ ሽቦው አየች። ከሸሚዙ አጠገብ የሴት ቀሚስ ተሰጥቷል፤ ከሱቅ የመጣበት እጥፋት ገና አልተቃናም። ከቀሚሱ ቀጥሎ ክንድ የማታክል ቢጫ ሹራብ አለች። ደፉ ላይ ከወንዱ ጫማ ጎን የሴት ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። ነፋስ መጣና ሦስቱን ልብሶች አንድ ላይ አነቃነቃቸው። ስንትገባ በቀን፣ በፀሐይ፣ ሰው በሚተላለፍበት ሰፈር መካከል ቆማ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

"ኪራዩም ጨምሯል" አሉ እማማ። ጎረቤቱ የሚከፍለውን ያህል ቆጥረው ነገሯት፤ ልክ ነበር፣ የሚታረም አልነበረውም፤ ስንትገባም መዘገበችው። ከዚያ ሳል ያዛቸውና ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ስንትገባ ደግፋ ልታስገባቸው ወደ ትልቁ ቤት ስትመራቸው እምቢ አሉ።

"እዚያ አይደለሁም አሁን። ለእነሱ ለቅቄላቸዋለሁ፤ ሕፃን ይዘው በአንዲት ክፍል እንዴት ይሆናሉ? እኔ ማድ ቤት ይበቃኛል።"

ማድ ቤቱ ውስጥ አመዱ ዳር፣ ስስ ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቷል። በጣሪያው ቀዳዳ ሰማይ ይታያል። ስንትገባ ፍራሹን ስታይ ገባት። የሌሉት ሰዎች እስከዛሬ ዋጋ ይነግሯት ነበር እንጂ እሷ ማንንም ፈጥራ አታውቅም። እነዚህን ግን የፈጠረቻቸው እሷ ናት፤ ከመሰሎቹ ጋር ይሄዳል ብላ በገዛ አፏ ሚስት አጋባችው፣ ልጅ አስወለደችው፣ እናቱን ከአልጋቸው አስወረደቻቸው። በሚመጣው ዙር ደግሞ ሕፃኑ ሊያድግ ነው።

ለባሏ ነገረችው። ጨዋታ አዋቂው ሰውዬ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ "ሰው መሙላት የጀመራችሁት ከመቼ ወዲህ ነው?" አላት። ቀልድ ሊሆን ፈልጎ ነበር፣ አልሆነም። ሁለቱም አልሳቁም።

ከዚያ ተቆጣጣሪው እንዳለው መጣ። ጭጋግ ባለበት ቀዝቃዛ ጠዋት አብረው ሰማያዊውን በር አንኳኩ። እማማ ሳል እያፈኑ ከፈቱላቸው። ተቆጣጣሪው በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቶ ገባና ግቢውን ቃኘ። ሸሚዙን አየ፣ ቀሚሱን አየ፣ ሹራቧን አየ። ጫማዎቹንም አየ። ትከሻው ሲለቀቅ ስንትገባ ከጎኑ ሆና ታዝባለች።

"ቤተሰብ ናቸዋ" አለ። "ኪራዩም ተስተካክሏል። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በከንቱ ነው የጠረጠርኩት።" ታብሌቱን ሊያጥፍ ሽፋኑን ያዘ።

አለቀ ማለት ነው። ዝም ብትል ሥራዋም ደህና ነው፣ የእማማም ደስታ ደህና ነው፤ ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ ይገባል። እማማ እንዳትናገር በዐይናቸው ለመኗት። ከዚያ ሳሉ፣ ጎንበስ ብለው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ ረጅም ሳል። ቀና ሲሉም ትንፋሽ እያጠራቸው ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ማድ ቤቱ ነበር።

"ተከራይ የለም" አለች ስንትገባ። "ኖሮም አያውቅም። ባለፉት ሁለት ዙሮች አውቄ ነው የዋሸሁት።"

ተቆጣጣሪው እጁ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ቀረ። እማማ እንደማያውቋት ሰው አዩዋት።

"ከመሰሎቹ ጋር ይሄዳል ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አሉ።

"ብያለሁ እማማ። ያልነገርኩዎት ነገር አለ።" ስንትገባ ትንሽ ቀረበቻቸው። "የሞላነውን ብዙ አናቆየውም። ከቆየ ገበያውን መስማት እንተውና ከራሳችን ጋር ማውራት እንጀምራለን። እማማ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ማንም የለም። አልጋዎ ባዶውን ነው የሚያድረው።"

ተቆጣጣሪው ግራ ሲገባው እንደ ሙያ ሰው ሁሉ እሱም ሙያው ውስጥ ተደበቀ፤ ታብሌቱ ያወጣለትን ጥያቄ ጮክ ብሎ አነበበ። "ለጊዜው የጠፋ ነው... ለዘለቄታው?" ካፉ ሲወጣ ነው ያወቀው። ፊቱ ደም መሰለ።

"ለጊዜው የሚባለው እስከ መቼ ነው ልጄ?" አሉ እማማ።

"ሦስት ወር፣ እናቴ" አለ፣ በሹክሹክታ።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ከዚያ በላይ ጠብቄያለሁ" አሉ፤ ክስም እሮሮም አልነበረበትም። ወደ ሽቦው ሄዱ። መጀመሪያ ቢጫዋን ሹራብ አወረዱ፣ ቀጥለው ቀሚሱን። ሸሚዙ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ፣ ግንባራቸውንም እርጥቡ ጨርቅ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። በኋላ ነቀሉት፣ ጨመቁት፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሰው አጠፉትና ደረታቸው ላይ ያዙት።

"ጻፍ" አሉት።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪው ስለ ሁለቱ ዙሮች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊሰጣት ግድ እንደሆነ ነገራት፤ ተገቢ ነው አለችው። ትንሽ ሄዶ ደግሞ፣ "ያቺ አራት መቶ እስከዛሬ በአገር አቀፉ የኪራይ ስሌት ውስጥ ነበረች እኮ" አለ። "በእሷ ምክንያት የአገሩ ኪራይ በፀጉር ያህል ዝቅ ብሎ ኖሯል። ማንም የማያየው ነገር ነው።" ስንትገባ ፊቷን ወደ ሱቆቹ አዙራ ሄደች፣ ዕንባዋን እንዳያይባት።

ለክፍሏ ተተኪ ተመረጠ፣ ሁለት ቅያስ አለፍ ብሎ፣ ጠበቃ የተከራየው ቤት። በአዲሱ ዙር ስንትገባ ወደዚያ ስትሄድ ሰማያዊው በር ጋ እግሯ ዘገየ። ከሞተው ሚስማር ሻጭ ደጃፍ ጋር እኩል ሊሆን ነው ብላ አሰበች። ደጃፉ ግን ተጠርጓል። እማማ በሩ ላይ ቆመዋል። ሳሉ ጨርሶ ባይለቃቸውም በትልቁ ቤት መስኮት አልጋቸው ተነጥፎ ይታያል። ሽቦው ባዶ ነው።

ሁለቱ ተያዩ። የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም፤ ታብሌቱ እዚህ ቤት ላይ ምንም አይፈልግም። ከሰባት ዓመት በላይ ሦስቱን ጥያቄ ስትጠይቅ አንድ ጥያቄ ግን ጠይቃ አታውቅም፣ ቅጹ ላይ ስለሌለ።

"እማማ" አለች፣ "ልጅዎ ስሙ ማን ይባላል?"

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ስሙንም፣ ከቤት ሲወጣ የነበረውን ዕድሜም ነገሯት። ስሙን በትክክል እንድትይዘው ደግመው ነገሯት፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲሉት ግን ለእሷ አልነበረም፣ እንደ ድሮው ወደ ጓሮው የሚጣሩ ይመስሉ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ የጫማውን ክር እያሰረ፣ "ትናንት በእንቅልፍሽ ስንት ገባ አላልሽም" አላት። "የወንድ ስም ነው የጠራሽው። ማነው ይሄ ጎረምሳ?"

"የእማማ ልጅ ነው" አለች። "ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።"

ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ደረሰችና ቆመች።

"የለም" አለች፣ "ከመሰሎቹ ጋር ሄዶ ከሆነ ሠላሳ ሞልቶታል።"